እየጻፍን ኪቦርዱን አትንጠቁን

ባለፈው ሳምንት አንድ ማመልከቻ ላስጽፍ ፍርድ ቤት አካባቢ ወዳለ ታይፕና ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ጸሐፊዋ ፈጣን ናት። በእጄ የጻፍኩትን ወረቀት ከጎኗ አስቀመጠችና ዓይኗን ከወረቀቱ ሳትነቅል መምታት ጀመረች። ሥራዋ እንደዚህ ነው፤ ስክሪኑን እያየች ብትጽፍ ውጭ ለቆመው ሰው ሁሉ አትደርስም። ብዙ ከሄደች በኋላ ቀና ስትል ግን ጽሑፉ ሦስተኛው መስመር ላይ ቆሟል። ስክሪኑ መሃል አንድ ያልከፈተችው መስኮት ተደቅኗል። ከጀርባ ሆኖ አፕዴት ሲያወርድ የቆየ ፕሮግራም ነው፤ ሥራውን መጨረሱን ሊነግራት ብቅ ብሏል። ከዚያ ወዲህ የመታችው ፊደል በሙሉ ወደዚያ ሄዶ የትም ሳይጻፍ ቀርቷል።

«ቀና እያልኩ ማየት ነበረብኝ» አለችኝ፣ ይቅርታ እንደመጠየቅ እያደረጋት። ከዚያ ከአራተኛው መስመር እንደገና ጀመረች።

እስካሁን የሚከነክነኝ ይሄ አነጋገሯ ነው። ምንም ያጠፋችው ነገር የለም። ሥራዋን እየሠራች ነበር፣ ከእጇ ላይ ነጠቋት።

ኮምፒውተር ላይ አሥር ነገር ከፍታችሁ ልትሠሩ ትችላላችሁ፤ ኪቦርዱ ግን በአንድ ጊዜ የሚታዘዘው ለአንድ መስኮት ብቻ ነው። የሙያው ሰዎች ፎከስ ይሉታል። ፎከሱ ወርድ ላይ ከሆነ የምትመቱት ወርድ ላይ ይጻፋል፣ ቴሌግራም ላይ ከሆነ ቴሌግራም ላይ። ማዛወር ስትፈልጉ በማውስ ክሊክ ታደርጋላችሁ፣ ወይም ኦልትና ታብን ትጫናላችሁ። አንዳንድ ፕሮግራም ግን ማንም ሳይጠራው ከጀርባ ተነስቶ ፊት ይቀመጣል፣ ኪቦርዱንም ይዞ።

በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ነገሩ ይብሳል። አብዛኞቻችን የምንጽፈው የእንግሊዝኛ ፊደሎችን ድምፅ ተከትሎ አማርኛ በሚያወጣ ኪቦርድ ነው፤ መጀመሪያ ሳድሱ ይወጣል፣ ቀጥሎ አናባቢውን ስንመታ ፊደሉ ይለወጣል። የእንግሊዝኛውን «K» ስመታ «ክ» ይጻፋል፣ «E» ስጨምርበት «ከ» ይሆናል። ለአንድ ፊደል ሁለት ምት ማለት ነው። አሁን አንድ ጥቁር መስኮት በሁለቱ ምቶች መካከል ብልጭ ብሎ ቢጠፋ አስቡት፣ ሰከንድ እንኳን ሳይሞላ። የምትጽፉት «ይከፈል» ነበር፤ አንዷ አናባቢ ወደዚያ መስኮት ሄዳ ወረቀቱ ላይ የቀረው «ይክፈል» ነው። የፊደል ስህተት የለውም፣ ትክክለኛ የአማርኛ ቃል ነው፣ ማንም አራሚ ቢያየው አያሰምርበትም። የፍርድ ቤት ማመልከቻ ላይ ግን «ይከፈል» እና «ይክፈል» አንድ አይደሉም።

ብልጭ ብሎ ስለሚጠፋ ጥቁር መስኮት የማወራው ፈጥሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ማይክሮሶፍት ኦፊስ በየሰዓቱ ከጀርባ የሚያሠራው አንድ ተግባር ነበረው። በጊዜ ሰሌዳው በተነሳ ቁጥር መስኮት ከፍቶ ወዲያው ይዘጋ ነበር። ከጮሁት መካከል ጌም የሚጫወቱ ሰዎች ነበሩ፤ ሙሉ ስክሪን ላይ እየተጫወቱ በየሰዓቱ ከጨዋታው ይወረወሩ ስለነበር። ኩባንያው በኋላ አስተካክሎታል። ግን ያን ያህል ትልቅ ኩባንያ ራሱ በሠራው ሲስተም ላይ እንዲህ ካደረገ፣ ሌላው ምን ያህል እንደሚዘነጋ መገመት አይከብድም።

ከጠፋ ጽሑፍ የከፋም አለ። ዊንዶውስ ላይ ፎከስ የያዘ አዝራር በስፔስ ይጫናል። እየጻፍን ደግሞ ከየቃሉ ቀጥሎ ስፔስ እንመታለን። ስለዚህ «አሁን ሪስታርት ላድርግ?» የሚል ሳጥን በቃላት መሃል ዱብ ካለ፣ ጥያቄውን ሳናነበው «አዎ» ብለን መልሰን ሊሆን ይችላል። ፓስወርድም እንዲሁ ነው። የባንክ ፓስወርዳችሁን እየመታችሁ የቻት መስኮት ፊት ቢመጣ ግማሹ እዚያ በግልጽ ይጻፋል፣ መጨረሻ ላይ ኢንተር ስትመቱ ይላካል።

ማየት ለተሳነው ሰው ደግሞ ሌላ ችግር ነው። ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብለት ፕሮግራም፣ ስክሪን ሪደር የሚባለው፣ የሚያነበው ፎከሱ ያለበትን ነው። ፎከሱ ሲነጠቅ ጆሮው ላይ ያለው ንባብ ይቋረጥና የማያውቀው መስኮት ስም ይጠራለታል። እኔ ቢያንስ ምን እንደመጣ አያለሁ። እሱ ግን የት እንደነበረ፣ አሁን የት እንዳለ፣ ወደ ቦታው እንዴት እንደሚመለስ ደረጃ በደረጃ እያዳመጠ መፈለግ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ፣ አስቸኳይ አደጋ ካልሆነ በቀር ተጠቃሚው ማቋረጫዎችን ማዘግየት ወይም ማስቀረት እንዲችል ይጠይቃል። የሚያሳዝነው ይህን ያስቀመጠው በከፍተኛው፣ በጣም ጥብቅ በሆነው ደረጃ ላይ መሆኑ ነው፤ ያንን ደረጃ ለማሟላት የሚለፋው ጥቂት ነው።

«ቴክኖሎጂ ነው፣ ምን ይደረጋል» የሚለውን አልቀበልም። ምን እንደሚደረግ ከታወቀ ከ25 ዓመት በላይ ሆኖታል። ዊንዶውስ 95 ላይ የትኛውም ፕሮግራም ባሻው ሰዓት ፊት መቀመጥ ይችል ነበር። ዊንዶውስ 98 እና ዊንዶውስ 2000 ሲመጡ ማይክሮሶፍት ሕግ አወጣ። ሰው አንድ ፕሮግራም ላይ እየሠራ ሳለ ሌላው ዘሎ ፊት መምጣት አይችልም፤ ቢሞክር ከታች ተግባር አሞሌው ላይ ምልክቱ ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ። ክልከላው ሰው የመጨረሻውን ምት ከመታ በኋላ የሚቆየው፣ ማንም ካልቀየረው፣ 200 ሰከንድ ነው።

እኛ አገር ሰው ቤት የሚሄድ ሰው በሩ ገርበብ ብሎ እንኳን ቢያገኘው ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። ያ ብልጭታ «ቤቶች!» ማለት ነው። የሚሰማ ይነሳና ይከፍታል፣ ሥራ የያዘ «ቆይ መጣሁ» ይላል።

ታዲያ ሕጉ እያለ ለምን አሁንም እንነጠቃለን? ፕሮግራመሮች ቀዳዳውን ስለሚያውቁት። አንዱ ኦልት የተመታ አስመስሎ ሲስተሙን ያታልላል። ሌላው የራሱን ግብዓት ከፊተኛው ፕሮግራም ግብዓት ጋር ያጣብቃል። ሦስተኛው መስኮቱን አሳንሶ መልሶ ይከፍተዋል። የፕሮግራመሮች መጠያየቂያ ቦታዎች ላይ «መስኮቴን በግድ ፊት ላምጣው እንዴት?» የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ይነሳል፣ መልስም ያገኛል። ማለትም አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አስቦበት፣ ኮድ ጽፎ፣ ሞክሮ ነው ያቺን ጸሐፊ ያቋረጣት። እርግጥ ሁሉም እንደዚያ አይደለም፤ አንዳንዱ ሳያስብ በተለመደው መንገድ መስኮት ከፍቶ ነው።

ሌሎቹ ሲስተሞች ጠበቅ አድርገዋል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ማክኦኤስ ሶኖማ ላይ ፊት መምጣትን ጥያቄ አድርጎታል፤ ፕሮግራሙ ይጠይቃል፣ ሲስተሙ ሁኔታውን አይቶ ይፈቅዳል ወይም ይተወዋል። ሊኑክስ ላይ ኬዲኢ የሚባለውን የዴስክቶፕ ገጽታ የሚጠቀም ሰው የፎከስ ነጠቃ መከላከያውን ራሱ በአምስት ደረጃ ማስተካከል ይችላል። እዚያው ሊኑክስ ላይ መስኮቶችን ስክሪን ላይ የሚያሳየው፣ ዌይላንድ የሚባለው አዲሱ አሠራር ደግሞ ከሁሉም ይሻላል ባይ ነኝ። እዚያ አንድ ፕሮግራም ፊት ለመምጣት ሰው ከነካው ፕሮግራም የተሰጠ ማለፊያ ይዞ መቅረብ አለበት። ማለፊያ ከሌለው ደጅ ይጠብቃል።

ይሄን የምጽፈው በተለይ እዚሁ አገር ለቢሮ፣ ለባንክ፣ ለክሊኒክና ለትምህርት ቤት ፕሮግራም ለምትሠሩ ልጆች ነው። የምትሠሩላቸው ሰዎች አብዛኞቹ ቀኑን ሙሉ የሚጽፉ ናቸው። ባክአፑ ሲያልቅ፣ ሪፖርቱ ሲወጣ፣ ዳታው ሲመሳሰል ጥግ ላይ ማሳወቂያ አድርጉለት፣ እሱ ፎከስ አይነጥቅም። በጊዜ ሰሌዳ የሚነሳ ስክሪፕት ካላችሁ ተጠቃሚው ባይኖርም እንዲሠራ አድርጋችሁ መዝግቡት፣ ጥቁሩ መስኮት አይታይም። ብሮውዘር እየከፈተ ፕሮግራማችሁን የሚፈትሽ ሙከራ ካላችሁ ደግሞ ክሮም እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ መስኮት ሳይከፍት መሥራት ይችላል። አሁን ሰዉ በየኮምፒውተሩ ራሳቸውን ችለው ሥራ የሚሠሩ የኤአይ ረዳቶችን እየጫነ ነው፤ እነሱም ብሮውዘር ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ቅጽ ይሞላሉ። ይሄን ነገር አሁን ካላስተካከልነው ኪቦርዳችን የማን እንደሆነ ሊጠፋን ነው።

ኮዱን ስትፈትሹ ደግሞ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትጠብቁት። ፕሮግራማችሁ ከጀርባ እየሠራ ወርድ ከፍታችሁ አንድ ገጽ አማርኛ ጻፉ፣ ከወረቀት ላይ፣ ስክሪኑን ሳታዩ። ሲጨርስ ጽሑፋችሁን አንብቡት።

ወደ ታይፕ ቤቱ ልመለስ። ፈቃዷን ጠይቄ ያንን ፕሮግራም አፕዴቱን ማታ እንዲያወርድ፣ ማሳወቂያውንም እንዲተው አስተካከልኩላት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። አመሰገነችኝና ማመልከቻዬን ቀጠለች። ግን አላመነችውም። እስክትጨርስ ድረስ በየመስመሩ ቀና እያለች ስክሪኑን ታይ ነበር።