ግንዛቤ ይብዛላችሁ

ሰሞኑን በአንድ አዳራሽ አንዲት የሶሺዮሎጂ የዶክትሬት ተማሪ በምርጫ ፖለቲካ ውስጥ ስላለው የእኩልነት መጓደል ያጠናችውን አቀረበች። ማን ይመርጣል፣ ማን ይቀራል፣ ማን ይወዳደራል፣ ለመወዳደሪያ የሚሆነውንስ ገንዘብ ከየት ያመጣል የሚል ዓመታት የፈጀ የመስክ ሥራ ነው። ጭብጨባው ሳይበርድ አንድ የተከበሩ ሰው ድምፅ ማጉያውን ተቀበሉና «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው ያለኝ» ብለው ጀመሩ። የቀረውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ድሃው የማይመርጠው በግንዛቤ እጥረት ነው አሉና ተቀመጡ።

እንዲህ ያለውን ሰው ሳላመሰግን ማለፍ አልችልም። ዕድሜ ይስጥልን፤ በየስብሰባው አይጠፉም። ተማሪዋ በብዙ መቶ ገጽ ያልጨረሰችውን እሳቸው በሁለት ቃል ይዘጉታል። የቀን ሠራተኛው ሰልፍ ላይ ሲውል የዕለት ገቢው ቢቀርበት፣ የግንዛቤ እጥረት። የምዝገባ ጣቢያው ቢርቅ፣ የግንዛቤ እጥረት። ቀስቃሾች ከዚህ ቀደም የመረጡ ሰዎችን በር ብቻ እየመረጡ ቢያንኳኩ፣ ጥፋቱ ያልተንኳኳው በር ነው፤ ግንዛቤ የለውማ! መድኃኒቱም አንድ ነው፤ የግንዛቤ ማስጨበጫ ዐውደ ጥናት፣ ከሻይ ዕረፍት ጋር።

አውስትራሊያ ይህን ምሥጢር አልሰማችም መሰለኝ። እ.ኤ.አ. በ1922 ምርጫ ድምፅ የሰጡት ከተመዘገቡት መራጮች 60 በመቶ እንኳ አልሞሉም፤ በ1925 ግን ከ91 በመቶ አለፉ። በ3 ዓመት ውስጥ ግንዛቤ እንዴት ጎረፈ ብዬ ላደንቅ ስል፣ በመካከሉ በ1924 ድምፅ መስጠትን ግዴታ ያደረገ ሕግ ወጥቶ አገኘሁ። ብሪታንያ ትሻላለች። እዚያ በ1948 የወጣ ሕግ እስኪያስቀረው ድረስ፣ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ በመኖሪያ አካባቢው ከሚሰጠው ድምፅ ሌላ ለዩኒቨርሲቲው በተሰጠው የፓርላማ መቀመጫ ሁለተኛ ድምፅ ነበረው። የአዳራሹ ሊቅ ዘግይተው ተወለዱ እንጂ ይገባቸው ነበር።

ግንዛቤ በልኩ የተከበረው ግን በቀድሞዋ የጀርመን ግዛት በፕሩሲያ ነው። ከ1849 እስከ 1918 መራጩ በሚከፍለው ቀጥተኛ ግብር በሦስት መደብ ይመደብ ነበር። የግብሩን ሲሶ የሚሸፍኑት ጥቂት ባለጸጎች አንደኛ፣ ቀጣዩን ሲሶ የሚሸፍኑት ሁለተኛ፣ የቀረው ሕዝብ ሦስተኛ መደብ ሲሆን፣ ሦስቱም እኩል ቁጥር ያላቸውን ሰዎች ይመርጣሉ። በኤሰን ከተማ ምክር ቤት ምርጫ አንድ የብረት ፋብሪካ ባለቤት አንደኛውን መደብ ብቻውን የያዘበት ጊዜ ነበር። የምክር ቤቱን ሲሶ የሚመርጥ አንድ ሰው!

ያንን የምርጫ ቀን እስኪ አስቡት። ሰውየው ማለዳ ተነሥቶ ይሰለፋል። ከፊቱ ማንም የለም፤ ከኋላውም ማንም የለም፤ ግፊያ የሌለበት ጨዋ ሰልፍ ነው። ቅስቀሳው በዋዜማው ተጠናቅቋል፤ መስታወት ፊት ቆሞ ራሱን አሳምኗል። ወላዋይ መራጭ ከነበረም የወላወለው ቁርስ ላይ ነው። ታዛቢ ቢላክ ታዛቢው ከመራጩ ይበዛል። ውጤቱ ላይ ቅሬታ ቢነሣ ድምፁ ዳግም ይቆጠራል፤ አንድ። ቅሬታ አቅራቢው ካልረካ ለሦስተኛ ጊዜ ይቆጠራል፤ አሁንም አንድ። ጉንፋን ቢይዘው ደግሞ የመደቡ ተሳትፎ ከመቶ በመቶ ወደ ዜሮ ያሽቆለቁላል፤ ጋዜጦች በባለጸጎች ዘንድ ስለ ታየው አሳሳቢ የፖለቲካ ግድየለሽነት ርእሰ አንቀጽ ይጽፋሉ። ድምፅ የሚሰጠው በአደባባይ፣ በቃል ስለ ነበር፣ ሦስተኛው መደብ ውስጥ የተሰለፈው የፋብሪካው ሠራተኛ ማንን እንደ መረጠ ለአሠሪው ጆሮ መድረሱ አይቀርም። ግንዛቤ እንዲጨብጥ የተመከረው ግን መቼም ባለ ፋብሪካው አይሆንም።

ድሃው አያውቅም የሚለው ውሸት ነው። ያውቃል። ከምርጫው በፊት እጁን የጨበጠው ሰው ከምርጫው በኋላ ስልክ እንደማያነሣ ያውቃል። ለመወዳደር የሚያስፈልገውን ገንዘብ ዕድሜውን ሙሉ ቢሠራ እንደማያጠራቅመው ያውቃል። ምክር ቤት ውስጥ እንደ እሱ በጉልበቱ የሚያድር ሰው ስንት እንዳለ ያውቃል፤ ለመቁጠር የአንድ እጅ ጣት ይበቃዋል። ይህን ሁሉ ዐውቆ ቤቱ የቀረን ሰው አላዋቂ ብሎ መስደብ፣ ያውም ደጁ ድረስ ሄዳ ባነጋገረችው ተማሪ ፊት፣ ነውር ነው!

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ተማሪዋን የምመክራት ቀጣዩን ጥናት በግንዛቤ ባለጸጎቹ ላይ እንድታደርግ ነው። ለፓርቲው ገንዘብ የሚሰጠው ማን ነው? ዕጩ ከመቅረቡ በፊት ማን ይማከራል? ሕጉ ሲረቀቅ የማን ስልክ ይጮኻል? እርግጥ ሥራው ቀላል አይሆንላትም። ድሃው ለተመራማሪ በሩን ይከፍታል፣ መቀመጫውን ይለቃል፣ ገቢውንም ያልመረጠበትንም ምክንያት ሳይደብቅ ይናገራል። ባለጸጋው ዘንድ የምታገኘው ጸሐፊውን ነው፤ የድጋፍ ደብዳቤ አምጪ፣ ማኅተም ይኑረው፣ በሚመጣው ወር ተመለሺ። መጠይቁን ብትተውላቸውም ባዶውን ይመለስላታል። በዚህ በኩል እንኳ ግንዛቤያቸው በእውነት ከፍተኛ ነው።