ማስተካከያ፦ የመማሪያ ሕንፃ መግቢያ ራምፕ (የዊልቸር ተዳፋት መወጣጫ) ርዝመት

ስለ ካምፓስ ተደራሽነት ባወጣነው መመሪያ «45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላለው መግቢያ 3 ሜትር ራምፕ ይበቃል» ብለን ነበር። ስህተት ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ትክክለኛው ቢያንስ 5 ሜትር ከ40 ነው፤ ለእያንዳንዱ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። በ3 ሜትሩ ላይ ዊልቸሩን በእጁ እያሽከረከረ የሚወጣ ተማሪ፣ በተለይ ከባድ ቦርሳ ከወንበሩ ጀርባ ካንጠለጠለ፣ የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ይነሱና ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል። ሲወርድም ጎማውን መግታት ያቅተዋል።

ራምፑን አሳጥረው የሠሩ ካሉ አፍርሰው ከማስረዘም ሌላ መላ የለም። ቦታ ከጠበበ ይታጠፍ፤ መታጠፊያው ግን ደልዳላ ይሁን። በሩ ፊትም 1.5 ሜትር በ1.5 ሜትር ደልዳላ ቦታ ይተው። ይህ ከሌለ ተማሪው በአንድ እጁ ወንበሩ እንዳይንሸራተት ይዞ በሌላው በሩን ይስባል፤ ወደ ውስጥ የሚገባበት እጅ አይተርፈውም።

የበር ስፋት ቢያንስ 82 ሳንቲ ሜትር ይሁን ስንልም አለካኩን አልገለጽንም። መዝጊያውን 90 ዲግሪ ከፍተው ከመዝጊያው ፊት እስከ ተቃራኒው መቃን ይለኩ። ከመቃን መቃን ከተለካ የመዝጊያው ውፍረት ይረሳል፤ የተማሪው ጣቶችም መቃኑ ላይ ይላጣሉ።