ከድጎማና ከደመወዝ ወለል የቱ ይቅደም?

የመከራከሪያው ሐሳብ፦ ሠርተው ለማይበቃቸው ቤተሰቦች መንግሥት ከድጎማ በፊት ለግል ሠራተኛ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ያውጣ።

ደጋፊ፦ ሐዋሳ አንድ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ አውቃለሁ። አንዲት ክፍል ለአራት ተከራይተው ሁለት ፍራሽ ላይ ነው የሚተኙት። ወር ሲጋመስ ሽሮውም ዘይቱም በዱቤ ነው። ሥራ ፈት አይደለችም፤ በሳምንት ስድስት ቀን ትሠራለች። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ ተቋቁሞ ወለሉ ይወሰናል ይላል። ስንት ዓመት አለፈ?

ተቃዋሚ፦ እህቴ፣ የልጅቷ ነገር እኔንም ያንገበግበኛል። ግን በ2014 ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ምርት ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል፣ ስትወጣ የሆነውን እናስታውስ። ወለሉ የፋብሪካውን ወጪ ጨምሮ የውጭ ትእዛዝ ቢቀር ቀድማ የምትቀነሰው እሷው ናት። ደግሞ ወለሉ የሚደርሰው ለደመወዝተኛ ብቻ ነው። ጉሊት የምትቸረችረውስ? በየቤቱ ልብስ የምታጥበውስ? የሰፈሬ እንጀራ ጋጋሪ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሏት። አዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤት ስለሚማሩ ቁርስና ምሳቸውን እዚያው ይበላሉ። ደብተርና ዩኒፎርሙም ከከተማው ነው። ማታ ምጣዱን ስታሰስ የነገ ቁርስ አያስጨንቃትም። ይህ ለእሷ ደመወዝ ነው። ግብሩንም ተመልከቺ። እስከ 2017 ድረስ ከግብር ነፃ የነበረው የወር ደመወዝ 600 ብር ብቻ ነበር፤ አሁን 2,000 ሆኗል። 2,000 ብር ለሚከፈለው ሰው በወር 157 ብር ከ50 ሳንቲም ኪሱ ቀረለት።

ደጋፊ፦ ምገባውን ማንም እንዲነካው አልፈልግም። ግን 157 ብር ስንት ቀን ያስኬዳል? ከዚያው 2,000 ላይ ለጡረታ 7 በመቶ፣ 140 ብር ይነሳል። መንግሥት ግብሩን ተወ፤ አሠሪውስ ምን ጨመረ? ጋጋሪዋን ወለሉ አይደርሳትም፣ እውነትህን ነው። ለእሷ ምገባው ይጠንክር። የስፌቷ ልጅ ግን ገና አልወለደችም። ከደመወዟ ቀንሳ ገጠር ላለች እናቷ ነው የምትልከው። ለእሷ የትኛው ድጎማ ይደርሳል?

ተቃዋሚ፦ እሺ፣ ስንት ብር ይሁን? የአዲስ አበባና የሐዋሳ ኪራይ እኮ አይገናኝም።

ደጋፊ፦ ቦርዱ የሚያስፈልገው ለዚሁ ነው። መንግሥት፣ አሠሪና ሠራተኛ አብረው ይቀመጡ። ኪራዩን፣ ጤፉን፣ ታክሲውን ይደምሩ። በየከተማው ቢለያይም ግድ የለኝም።

ተቃዋሚ፦ በየዘርፉም ይለያይ ካልሽ እኔም አብሬሽ አለሁ። እስኪስማሙ ድረስ ግን ምገባውም፣ ለድሃ ቤተሰብ የሚሰጠው ሴፍቲኔቱም እንዳይቀነስ።

ደጋፊ፦ አይቀነስ። ቀኑ ግን ይቆረጥ። የልጅቷ አከራይ ወር በገባ ቁጥር በር ያንኳኳል።