ማስተካከያ፦ የካፌ ቡሌ በአንድ ሌሊት መብራት አይሆንም

ሰሞኑን እዚህ ጎንደር "የተማሪ ካፌ ትርፍራፊ ማታ ጉድጓድ ከገባ ጠዋት ዶርሙ ሁሉ መብራት ያገኛል" እየተባለ ነው፣ ሀሳቡ አሪፍ ነው ግን እንደዛ አይደለም። የሚወጣው መብራት ሳይሆን ባዮጋዝ ነው፣ ከግማሽ በላዩ ሚቴን የሚባል ተቀጣጣይ ጋዝ፣ እሱን ደሞ ቀጥታ ምድጃ ላይ ማንደድ ነው የሚያዋጣው ምክንያቱም ጄኔሬተር ውስጥ ሲገባ አብዛኛው ጉልበት በሙቀት ይባክንና ከ1 ሜትር ኩብ ጋዝ የሚገኘው ወደ 2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። እና የወጥ ቤቱን ማገዶ መቀነሻ በሉት።

በአንድ ሌሊት የሚባለውም ውሸት ነው። አየር በማይገባበት ታንከር ውስጥ ትርፍራፊውን ወደ ጋዝ የሚቀይሩት ረቂቅ ህዋሳት ሳምንታት ይፈልጋሉ፣ የሚመቻቸው 35 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ የጎንደርን ሌሊት ደሞ ታውቁታላችሁ፣ ስለዚህ መሬት ውስጥ ቢቀበር ይሻላል። እንጀራና ወጥ ብቻ ከሞላችሁበት ቶሎ ይኮመጥጥና ሚቴን የሚሰሩት ረቂቅ ህዋሳት ስራ ያቆማሉ (ልክ ጨጓራው እንደተነሳበት ሰው)፣ ለዛ ነው መጀመሪያ እበት የሚጨመረው፣ ህዋሳቱ ከብቱ ሆድ ውስጥ ስላሉ። ፌስታልና አጥንት በፍጹም አይግባ። "የሚቀረው ዝቃጭ ይደፋል" ላላችሁትም፣ አይደፋም፣ ናይትሮጅኑ እዛው ስለሚቀር ለጓሮ አትክልት ማዳበሪያ ነው።