ላሚኔት የተደረገ ካርታ ላይ ምን ይጻፋል?

«ነዋሪው የሚያየው ዛሬን ነው፤ እኛ የምናቅደው ለሃያ ዓመት ነው።»

ይህን የተናገሩት የአንዲት ትንሽ ከተማ የፕላን ክለሳ ኃላፊ ናቸው፤ ሰሞኑን ረቂቁን «ለሕዝብ ውይይት» ባቀረቡበት መድረክ ላይ። ንግግሩን ያመጣው የአንዲት እናት አስተያየት ነበር። ካርታው ላይ ትምህርት ቤት ተብሎ ቀለም የተቀባው ቦታ ዝናብ በበረታ ቁጥር ውሃ የሚተኛበት እንደሆነ ተናገሩ። አርባ ዓመት እዚያው ሰፈር ኖረዋል። ያገኙት መልስ ከላይ ያለው ነው። ከዚያ መድረኩ በለመድነው ቃል ተዘጋ፦ «ጠቃሚ ግብዓት አግኝተናል።» ተጨበጨበም።

ንቀቱን ልለፈው። አባባሉ በቁሙ ስህተት ነው። ሃያ ዓመት አሻግሮ የሚያየው ማን ሆኖ ነው? የአማካሪ ድርጅቱ ውል የሚያልቀው የመጨረሻውን ሰነድ ያስረከበ ዕለት ነው። ኃላፊው ሁለት ሦስት ዓመት ቆይተው ሌላ ወንበር ላይ ናቸው። ምክር ቤቱም የሥራ ዘመን አለው። በሃያኛው ዓመት ውሃው ክፍል ውስጥ ሲገባ ባልዲ ይዞ የሚቆመው ያው ነዋሪ ነው፤ እሱ ባይኖር ልጁ። ከአርባ ዓመት ዝናብ የተቀዳ ዕውቀት «ዛሬን ማየት» ከተባለ፣ ለጥቂት ሳምንት የመስክ ጥናት መጥቶ የተመለሰ ቡድን ያየውን ምን ልንለው ነው?

ሩቅ አሳቢነት የባለሙያ ብቻ ነው ለሚሉ ብራዚሊያን ላስታውሳቸው። ሉሲዮ ኮስታ የነደፉት የብራዚል አዲስ ዋና ከተማ ፕላን በዓለም ላይ ስማቸው ከገነነ ፕላኖች አንዱ ነው፤ የታሰበውም ለ500 ሺህ ያህል ሰው ነበር። ከተማዋን በእጃቸው የሚሠሩት ግንበኞች ግን የት እንደሚኖሩ በቅጡ የተጨነቀበት አልነበረም። ታጓቲንጋ የተባለችው ተቀጥላ ከተማ ሠራተኞቹንና ቤተሰቦቻቸውን ለማስፈር የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። ብራዚሊያ ራሷ የተመረቀችው በ1960። ስህተቱ ሃያ ዓመት አልጠበቀም፤ ከምርቃቱ ሁለት ዓመት ቀድሞ ደረሰ። አንድ ግንበኛ ተጠይቆ ቢሆን የፕላኑን ጉድለት በሦስት ቃል ይነግራቸው ነበር፦ «ማታ የት ልደር?»

ደግሞ ይሄ «ግብዓት» የሚሉት ቃል! ግብዓት የፋብሪካ ነገር ነው። ጥጥ ይገባል፣ ሸሚዝ ይወጣል፤ ጥጡን ምን ዓይነት ሸሚዝ መሆን ትፈልጋለህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ነዋሪውን ግብዓት ካሉት በኋላ እንደ ጥጥ ቢያዩት ምን ይገርማል?

እኔ አንድ መለኪያ አለኝ፤ ከተቀመጥኩባቸው ስብሰባዎች ሁሉ የተረፈኝም እሱ ነው። የተነቃነቀውን መስመር አሳዩኝ። ከውይይቱ በፊት የነበረውን ካርታና ከውይይቱ በኋላ ለማጽደቅ የቀረበውን ጎን ለጎን ዘርጉልኝ። አንድ መንገድ ሃያ ሜትር ፈቀቅ ብሏል? የአንድ ቦታ ቀለም ተለውጧል? መናኸሪያው ሰው በእግሩ ወደሚደርስበት ቀርቧል? የተሳታፊ ብዛት አትቁጠሩልኝ። «ከሁሉም የኅብረተሰብ ክፍል የተውጣጡ» አትበሉኝ። አዳራሹ ሞልቶ የሚታይበትን ፎቶም መልሱልኝ። መስመሩን ብቻ።

መስመሩ የግድ ይነቃነቅ አላልኩም። እናትየዋ ተሳስተው ሊሆን ይችላል፤ ውሃውን በቦይ ማስወጣት ይቻል ይሆናል። እንዲያ ከሆነ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ «አስተያየትዎን አይተነዋል፤ ያልተቀበልነው በዚህ በዚህ ምክንያት ነው» ብሎ ጽፎ ይመልስላቸው። ይህ ቅንጦት አይደለም። የአሜሪካዋ ዋሽንግተን ግዛት እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣችው የዕድገት አስተዳደር ሕግ የሕዝብ ተሳትፎ ቀደም ብሎ የሚጀመርና የማይቋረጥ እንዲሆን፣ ለሚቀርበው አስተያየትም ምላሽ እንዲሰጥ ያዝዛል። በ1998 በዴንማርኳ አርሁስ ከተማ የተፈረመው ስለ አካባቢ ጉዳዮች የሚደነግገው ዓለም አቀፍ ስምምነት ደግሞ ጊዜውን ቁልጭ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ሕዝቡ የሚጠራው ሁሉም አማራጮች ክፍት በሆኑበት ወቅት ነው። ክፍት በሆኑበት! በዚያ አዳራሽ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ካርታ በቀለም ታትሞ ላሚኔት ተደርጎ ነበር። ላሚኔት ላይ እስክሪብቶ አይጽፍም። ሕዝቡ እንዲያርመው የመጣ ካርታ ማን ነው ፕላስቲክ የሚያለብሰው?

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል። እዚህ ግን ውሻው አልዘገየም፤ የጠሩት ጅቡን ከሸኙ በኋላ ነው።

የነገሩ አሳዛኝ ጎን እርጅናው ነው። አሜሪካዊቷ ሼሪ አርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተሙት ጽሑፍ የዜጎችን ተሳትፎ ስምንት እርከን ባለው መሰላል መስለውታል። የታችኞቹን ሁለት እርከኖች ተሳትፎ ብለው አልቆጠሯቸውም። ማሳወቅና ማማከር ከእነሱ በላይ ቢቀመጡም፣ የመወሰን ሥልጣን ካላስከተሉ የይስሙላ ናቸው ብለዋል። እዚያው ጽሑፍ ውስጥ የፈረንሳይ ተማሪዎች የለጠፉት አንድ ፖስተር ተጠቅሷል፤ ግሥ የሚያረባ ፖስተር ነው። በእኛ ቋንቋ ቢረባ እንዲህ ይላል፦ እኔ እሳተፋለሁ፣ አንተ ትሳተፋለህ፣ እሱ ይሳተፋል፣ እኛ እንሳተፋለን፣ እናንተ ትሳተፋላችሁ፣ እነሱ ያተርፋሉ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። የእኛ ኃላፊ ያሉበትን እርከን መሰላሉ ላይ ብፈልግ ከመሬት ብዙም የራቀ አይመስለኝም።

አንድ የምቀበለው ክርክር አለ፤ እሱንም በግማሽ። የስብሰባ ሰው ከተማውን አይወክልም ይላሉ። እውነት አለው። በማሳቹሴትስ ግዛት ተመራማሪዎች የከተሞችን የግንባታ ፈቃድ ስብሰባዎች ቃለ ጉባኤ አገላብጠው፣ እየመጡ የሚናገሩት ከሌላው ነዋሪ ይልቅ በዕድሜ የገፉ፣ ወንዶችና የቤት ባለቤቶች እንደሚበዙባቸው፣ አብዛኞቹም አዲስ ቤት እንዳይሠራ የሚቃወሙ መሆናቸውን አሳይተዋል። ተከራይ የለም፣ ወጣት የለም፣ ገና ወደ ከተማው የሚመጣው ሰውማ ከየት ይምጣ። ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው? አለመጠየቅ? ስብሰባውን ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጠርተው «ሠራተኛውና ወጣቱ አልተገኘም» ማለት እግር አስሮ ሩጥ እንደማለት ነው። ሰዉ ወዳለበት ይኬዳል፤ አውቶቡስ የሚጠብቅበት ቦታ፣ ትምህርት ቤት በር ላይ፣ ፋብሪካው ፈረቃ ሲቀይር። ካርታው ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፣ እርሳስ ይቀመጣል። ላሚኔት አይደረግም።

«ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል» የሚለውን ብዙ አልመልስበትም። የተሠራ መንገድ አፍርሶ እንደገና መሥራት ስንት እንደሚፈጅ ፋይናንስ ቢሮውን ይጠይቁ።

ትንሽ ከተማ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያከፋዋል እንጂ አያቀለውም። በትልቅ ከተማ አንድ መንገድ በስህተት ቢወጣ በአሥር ሌላ መንገድ ይዞራል። ዋና መንገዷ አንድ የሆነች ከተማ ውስጥ ግን ማለፊያ መንገዱን በየት በኩል እንደምታወጣው መወሰን ገበያው ይኑር ይሙት የሚለውን መወሰን ነው። እንዲህ ባለ ከተማ የባለሙያ ቁጥርም ጥቂት ስለሆነ ሥራው ከሩቅ ለሚመጣ አማካሪ ይሰጣል፤ አማካሪውም ሌላ ቦታ የሠራውን እንደ መነሻ ይዞት ይመጣል። አንድ ጊዜ ከአንድ ረቂቅ ሰነድ መሀል የሌላ ከተማ ስም ሳይሰረዝ ቀርቶ አንብቤአለሁ። የሳቅነው ለሁለት ደቂቃ ያህል ነበር፤ ከዚያ የሕዝብ ብዛት ትንበያውስ የማን ይሆን ብለን ዝም አልን። ያንን ስም ያገኘው ባለሙያ አልነበረም። ሰነዱን ገጽ በገጽ ያነበቡ አንድ ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ እሳቸውም የሚያዩት ዛሬን ይሆናላ።

ረቂቁ በቅርቡ ለምክር ቤቱ ይቀርባል ተብሏል። አባላቱ እጃቸውን ከማውጣታቸው በፊት ሁለቱን ካርታ ጎን ለጎን ይጠይቁ፤ ከእያንዳንዱ አስተያየት አጠገብም የተሰጠውን መልስ። ሁለተኛ ካርታ ከሌለ፣ ሰነዱ መግቢያ ላይ «ከሕዝብ ጋር በመወያየት የተዘጋጀ» የሚለው ተሰርዞ «ለሕዝብ የተነገረ» ተብሎ ይጻፍ።

የመድረኩን ቃለ ጉባኤ አይቼዋለሁ። የእናትየዋ ስም ከተሳታፊዎች ዝርዝር ውስጥ ከነፊርማቸው አለ። የተናገሩት የለም።