ለክቡር የምርጫ ጭቅጭቅ የተላከ ግልጽ ደብዳቤ

ቀን፦ ጳጉሜን 4
ለክቡር የምርጫ ጭቅጭቅ
ባሉበት (ማለትም እኛው ወጥ ቤት)

ጉዳዩ፦ ሽንኩርቱ እሳት ላይ እያለ እንዳይገቡብን ስለማሳሰብ

ክቡርነትዎ፣

እንደምን ሰነበቱ? ደህና መሆንዎ ከድምፅዎ ይሰማል። በባሕር ዳራችን ከሽምብጥ ሰፈር እስከ ጣና ዳር ያልገቡበት ቤት የለም፤ ሳይመረጡ መግባት መቼም ለእርስዎ አዲስ አይደለም። እኛ ይህችን ደብዳቤ የምንጽፈው የጓዳ ሰዎች፣ ስለ ፖለቲካ እንዳይነሣ አንከለክልም። የምንለው ስለ ሰዓቱ ነው።

ለአንድ ዶሮ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ሽንኩርት ይከተፋል። የፎገራ ሽንኩርት የበጋ መስኖ ልጅ ስለሆነ፣ ክረምቱን ከርሞ ጳጉሜን ላይ ገበያ የሚወጣው ግማሹ የበቀለ፣ ግማሹ ውስጡ የላሸ ነው። ስለዚህ 3 ኪሎ የፈለገ ሰው 4 ኪሎ ይገዛል። ሽንኩርቱ ደቅቆ ከተከተፈ በኋላ ያለ ዘይት በደረቁ ይቁላላል፤ ውኃውን ጨርሶ ቀላ እስኪል ድረስ ማማሰያው ከእጅ አይወርድም። ዘይት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። በርበሬው ደግሞ ከዘይቱ በኋላ፣ እንዳይዝ በውኃ ጠብ ጠብ እየተደረገ። ሽንኩርቱ ውኃውን ሳይጨርስ በርበሬ ከነካው ወጡ ይቀጥናል፣ ሽንኩርቱም እንግዳ ፊት ተንሳፍፎ ይታያል። ካረረ ግን የባሰ ነው፤ ውኃ ቢጨመርበት ሽታው አይለቅም። መፍትሔው ድስቱን ሳያማስሉ ያላረረውን ከላይ ከላይ ገፎ ወደ ሌላ ድስት ማዛወር ብቻ ነው። ሥሩን የፋቀ ሰው ማረሩን ለሁሉም አዳረሰው ማለት ነው።

እርስዎ ብቅ የሚሉት ልክ ሽንኩርቱ ውኃውን ጨርሶ ዘይት በሚጠብቅባት ደቂቃ ነው። ከሳሎን አንዱ «ኮሮጆው ተገልብጦ ነው እንጂ!» ይላል። ማማሰያ የያዘችው «የትኛው ኮሮጆ?» ብላ አንገቷን ወደ በሩ ትመልሳለች። አለቀ። ኮሮጆው ተገልብጦ እንደሆነ እንጃ፤ ቁሌቱ ግን አርሯል።

ዶሮዋን የሚገነጥለውም ከእርስዎ አላመለጠም። ሐሞቷ ከጉበቷ ጋር ተጣብቃ የምትገኝ ስስ ከረጢት ናት፣ ጥንቃቄ ትፈልጋለች። «1997 ላይ እኮ…» ተብሎ የተጀመረ ዓረፍተ ነገር እስኪያልቅ ቢላዋው ሐሞቷን ይወጋታል። አረንጓዴ የነካውን ሥጋ ወዲያው ቆርጦ መጣል ነው እንጂ፣ በሎሚና በጨው ቢታጠብ መራራነቱ አይወጣም።

ቁጥር ስለሚወዱ ስለ ቁጥርም እናንሣ። ዶሮ 12 ብልት አላት፣ እንቁላሉም 12 ነው። ታዛቢዋ አማት ናት፤ እሷ ባለችበት አንድ ቅልጥም ጠፍቶ አያውቅም። በ2002 ዓ.ም. ከ547 የፓርላማ ወንበር 545ቱ፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 547ቱም ለያኔው ገዢ ግንባር ለኢሕአዴግና ለአጋሮቹ ወጣ። እኛ ዘንድ 12ቱም ብልት ለአባወራው ቢወጣ ጎረቤት ይሰበሰባል። አባወራ ፈረሰኛውን ይበላል፣ እሱ ይበቃዋል።

የበዓል መርሐ ግብር አያውቁም እንዳንል ደግሞ ታሪክዎ አለ። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የተሰጠው ድምፅ ክረምቱን ሙሉ ሲያከራክር ቆየ። በ31 የምርጫ ክልሎች የተደገመው ድምፅ አሰጣጥ ነሐሴ 15 ዋለ፣ የፍልሰታ ጾም የመጨረሻው ቀን ላይ። የመጨረሻው ውጤት የተገለጸው አዲስ ዓመት ሊገባ ቀናት ሲቀሩት ነው። ያኔ ደግሞ ጠላ ይጠመቃል። የዘጌ ጌሾ ከብቅል ጋር ተጠንስሷል፣ ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ መታጠን አለበት፣ እንኩሮው ሳይቀዘቅዝ ከገባ ጥንስሱን ይገድለዋል፣ ከተደፈደፈ በኋላም አፉ በደንብ ካልታሸገ ይኮመጥጣል። ጋን የምርጫ ቦርድ መግለጫ እስኪያልቅ አይጠብቅም።

አንድ ቦታ ግን አደብ ገዝተው ይቀመጣሉ፤ ቅርጫ ላይ። 10 አባወራ ለአንድ በሬ ካዋጣ 10 መደብ ይወጣል። ሥጋው በጅምላ ተመዝኖ አይካፈልም፣ እንዲያ ቢሆን ለአንዱ ሽንጥ፣ ለሌላው አጥንት ይደርሳል። ስለዚህ ሻኛው ለብቻ ለ10፣ ጎድኑ ለብቻ ለ10፣ ጉበቱና ጨጓራው ሳይቀር ለ10 ይሸነሸንና በየመደቡ ይቀመጣል። ከዚያ ሰው ሁሉ እየዞረ ያያል። መከራከር የሚቻለው በዚህ ሰዓት ነው። «ይቺኛዋ አነሰች» ያለ ይሰማል፣ ከወፍራሙ ተቆርጦ ይጨመርላታል። ሁሉም «ይሁን» ሲል እያንዳንዱ ምልክቱን ይሰጣል፦ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ የክብሪት እንጨት። መደቡን ያላየ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ልጅ፣ ምልክቶቹን በእፍኙ አቀላቅሎ በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ሳንቲም ሰጥቶ ከተገኘ ዕጣው ይፈርሳል፣ ወዲያው ይደገማል። እኛ የምናውቀው ድጋሚ ምርጫ ይኸው ነው፤ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፣ ባለዕጣው ሁሉ ቆሞ ያያል። ምልክቱ ከወረደ በኋላ ያጉረመረመ ሰው ደግሞ ለገና ቅርጫ አይጠራም።

የምርጫ አዋጁም (1162/2011) ቢሆን ወረቀቱ ላይ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በአንድ ጣቢያ ከ1,500 በላይ መራጭ አይመዘገብም፣ ድምፁ ታዛቢ ፊት ይቆጠራል፣ ውጤቱም እዚያው ይለጠፋል። ታዲያ የምርጫው ዕለት ማታ የት ነበሩ? የሳሎናችን ተከራካሪዎች ጣቢያው በር ላይ ቆመው የተለጠፈውን ቁጥር ሲገለብጡ አላየንም። ያልተለጠፈበት ጣቢያ ካለም «ለምን አልተለጠፈም» የሚባለው እዚያ በር ላይ ነው። ድስታችን የሚያጸድቀው ውጤት የለም።

ግድ መምጣት ካለብዎ የሚከተለውን ፈቅደናል። አንደኛ፣ ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ ይግቡ፤ ያኔ ወጡ ወጥቷል፣ እንቁላሉ ተልጦ ገብቷል። ሁለተኛ፣ ከዚያ በፊት የመጣ ተከራካሪ መክተፊያና ቢላዋ ይሰጠዋል፤ መናገር የሚችለው 2 ኪሎ ከከተፈ በኋላ ነው። ሲያለቅስ ካየነው ለሀገሩ ይሁን በሽንኩርቱ አንጠይቅም። ሦስተኛ፣ ከውጭ አገር የሚደውሉ ዘመዶች በስልኩ ድምፅ ማጉያ እንዳይከራከሩ፤ ስልኩ ምጣዱ አጠገብ ተቀምጦ ሁለት ጊዜ እንጀራ ተቃጥሏል።

ከሰላምታ ጋር
የጓዳ ሰዎች

ግልባጭ
ለሳሎን፦ ድምፅ እንዲቀነስ
ለአማት፦ እንቁላሉን ደግመው እንዲቆጥሩ
ለአራጁ፦ ዘንድሮ የሚገዛው ቢጠፋም ቆዳው ጨው ሳይነካው እንዳያድር