የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ለቆላ ብቻ ነው ያለው ማነው?

«አዲስ አበባ ብርድ ነው፤ ቤት ውስጥ የተሠራ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ለአፋር እንጂ ለእኛ አይሆንም» ላልከው ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ተሳስተሃል። ውሃውን የሚያሞቀው ጨረሩ ነው። አብዛኛው አዲስ አበባ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የጥቅምት ፀሐይ አናት ትበሳለች። መስኮቱ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና ውስጥ ግባና እየው።

ብዙዎች የሚሸወዱት ሌላ ቦታ ነው። በርሜሉን ጥቁር ቀብተው ጣሪያ ላይ ይሰቅሉታል፣ በቃ። ከላይ መስታወት፣ ከጎንና ከሥር ፎም ከሌለው፣ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ማታ ንፋስ ይወስደዋል። እንዲህ ያለው ካለህ አመሻሽ ላይ ታጠብበት፣ ለጠዋት አታቆየው።

100 ሊትር ውሃን በ30 ዲግሪ ለማሞቅ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ መብራት ይፈጃል፤ የሚተርፍህ ያ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ግን ቦይለሩን ማብራትህ አይቀርም።